እንግዳን በመብራት የለካው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ እንግዳን በመብራት የሚለካ።

የዚህን ሰው ታሪክ የተናገርኩት ለእህቴ ልጅ ለይድነቃቸው ነው። አዲስ ቤቱን አስጨርሶ፣ ምን ዓይነት አምፖል ልግዛ ብሎ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ወደ እኔ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመድ ሁሉ ዘንድ ቆጣሪው እየተባልኩ እጠራለሁ። ከባዶ ተነስቼ ቤት የሠራሁት ምስማር ሳይቀር ቆጥሬ ነው፤ ከፈረሰ ግድግዳ የወጣ ጎባጣ ምስማር እንኳ አቅንቼ መልሼ እመታለሁ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ለሳሎኑ ያንን ብርሃኑ ከፍና ዝቅ የሚለውን ኤልኢዲ ልገዛ አስቤ ነበር። ዋጋው ግን ይቆነጥጣል። ያዋጣኛል ይላሉ?»

«የት የት ነው መብራት የሚያስፈልግህ?»

«ሳሎኑ፣ መኝታ ቤቶቹ፣ ማድ ቤቱ፣ በረንዳው።»

«ሰርቪሷስ? እናትህ ያለችበት ክፍል?»

«እዚያ አሮጌዋ አምፖል አለች፤ ትበቃለች። እማዬ እንደሆነች በጊዜ ነው የምትተኛው። ደግሞስ እዚያ ማን እንግዳ ይገባል ብለው ነው?»

እናቱ ታላቅ እህቴ ናት። የእሷን ነገር ለኋላ አቆየሁት። መጀመሪያ የጠየቀኝን መለስኩለት።

«ኤልኢዲ ግዛ» አልኩት። «አሮጌው አምፖል ከሚበላው ኃይል አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ነው የሚበትነው። አንተ የምትከፍለው ለብርሃን ነው እንጂ ጣሪያህን ለማሞቅ አይደለም። ካርቶኑ ላይ ዋቱን ብቻ አትመልከት። ዋት የሚነግርህ አምፖሉ የሚበላውን ነው፤ የሚሰጠውን የሚነግርህ ሉመን የሚባለው ቁጥር ነው። ሰውንም ብትመርጥ እንደዚያው ምረጥ። ብርሃኑ ዝቅ እንዲልልህ ከፈለግህ ደግሞ፣ ዝቅ ማለት እንደሚችል ካርቶኑ ላይ የተጻፈበትን ውሰድ። ተራውን ኤልኢዲ በሚዞር ማብሪያ ላይ ካሰርከው ይርገበገባል፣ እንደ ጢንዚዛ ጥዝ ይላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ማብሪያውም ራሱ ለኤልኢዲ የተሠራ ይሁን። ቢጫው ብርሃን ለማረፊያ ነው፤ ነጩ ለሥራ ነው። ውድ ነው አልክ፤ ውድ ነው፤ ግን ጥሩው ቶሎ አይሞትብህም።»

ይድነቃቸው ስልኩን አውጥቶ ይጽፍ ጀመር።

«ስልክህን አስቀምጥ» አልኩት። «የቀረውን በጆሮህ ስማ።»

ያ ሰው ጨርቃ ጨርቅ በጅምላ ይነግድ ነበር። ሀብታም ነው። በላይኛው ሰፈር ትልቅ ቤት ሠራ፤ ሳሎኑ ብቻውን ሠርግ ያስተናግዳል። ጣሪያው ላይ አምፖል በረድፍ በረድፍ ተከለበት። የመብራት ሒሳብ ሲመጣለት ግን ደነገጠና ስለ ቁጠባ ያስብ ጀመር። ማሰቡ ደግ ነበር። መጀመሪያ ርካሹን ኤልኢዲ ገዝቶ በሚዞር ማብሪያ ላይ አሳሰረው። መብራቱ ይርገበገብ ጀመር። አንድ ወዳጁ «እዚህ ቤት መብራቱ ይጠቅሰኛል፤ ሚስቴ እንዳታይ» ብሎ ሳቀበት። ሰውየው አፈረና ሁሉንም አስነቅሎ ውዱንና ደህናውን አስገባ። ማብሪያውን፣ ሠራተኞቹ ዲመር የሚሉትን፣ እንግዳ ከሚቀበልበት ወንበር አጠገብ ግድግዳው ላይ አስተከለው። ሳይነሳ በጣቱ እንዲያዞረው ነው።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የጀመረው ከጣቱ ነው።

አንድ አመሻሽ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሊጠይቀው መጣ። ሰውየው ማብሪያውን እስከ መጨረሻው አዞረው፤ ሳሎኑ ቀትር መሰለ። እንግዳው ቤቱን አደነቀለት። በሌላ ቀን ደግሞ የአጎቱ ልጅ ከገጠር ችግሩን ሊያዋየው መጣ። የሰውየው ጣት ሳያስበው ማብሪያውን ወደ ኋላ መለሰው። ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ ወሬውን እንደሚያሳጥር፣ ቶሎም እንደሚነሳ ያን ቀን ተረዳ። ከዚያ ወዲያ ልማድ አደረገው። ለባለሥልጣንና ለባለገንዘብ እስከ መጨረሻው ያዞራል። መካከለኛ ሰው ሲመጣ ግማሽ ላይ ያቆማል። ለድሃ ዘመድና ለመዋጮ ሰብሳቢ የእንግዳው ፊት እስኪጠፋ ድረስ ዝቅ ያደርገዋል። የሚጠይቀው ከተገኘ መልሱ አንድ ነበር፤ «ቁጠባ ነው።»

ቤተሰቡም ለመደው። ማድ ቤት ያሉት ሴቶች በበሩ ሥር የሚወጣውን ብርሃን አይተው ምን ይዘው እንደሚገቡ ያውቁ ነበር። ሙሉ ከሆነ ውስኪ ነው፤ ግማሽ ከሆነ ለስላሳ ነው፤ ዝቅ ካለ ውኃ ነው። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ የበሩን ሥር ታይና «አትድከሙ፣ የውኃ እንግዳ ነው» ትላቸው ነበር። ነገሩ ከተማውም ዘንድ ደረሰ። ሰው ከዚያ ቤት ሲመለስ ጓደኞቹ «ስንት አበራልህ?» እያሉ ይቀልዱበታል። አንዱ «ኧረ ተዉኝ፤ ስወጣ ጫማዬን ያገኘሁት ዳብሼ ነው» ብሎ መለሰ አሉ።

እዚህ ላይ ይድነቃቸው ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ከዚያ ቀጠልኩ።

ይህ ሰው አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ዓለሙ እሷ ናት። ልጅቱ በታችኛው ሰፈር የሚያስተምር አንድ መምህር ወደደች፤ መምህሩም እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ አባቷ ሊልክ ተነሳ። ልጅቱ አባቷን ታውቀዋለችና ፈራች። «ሁለቱን አንተ ምረጥ» አለችው፤ «ሦስተኛው ግን አዛውንቱ ልብስ ሰፊ ይሁኑ። አባቴ ሁሉን እምቢ ቢል እሳቸውን እምቢ ማለት አይችልም። እሳቸው ካልሆኑልን ግን የሚሆንልን ሰው የለም።»

እንዲህ ያለችው በምክንያት ነው። አባቷ ወደዚያች ከተማ የገባ ጊዜ ጎረምሳ ነበር፤ ከለበሰው በቀር ልብስ አልነበረውም። ልብስ ሰፊው ታችኛው ሰፈር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍላቸው አስጠጉት፤ ከራሳቸው ማዕድ አበሉት፤ ሙያቸውን አስተማሩት። በዚያ ሰፈር ያኔ የኤሌክትሪክ መብራት አልገባም፤ ሲመሽ የሚሠሩት በፋኖስ ነበር። ልብስ ሰፊው ብቻቸውን ሲሰፉ ላምባ እንዳይባክን የፋኖሱን ክር ዝቅ ያደርጉታል። ጎረምሳው መርፌ ይዞ አጠገባቸው ሲቀመጥ ግን ክሩን ከፍ ያደርጉለት ነበር። «እኔ ጣቴ ያውቀዋል፤ አንተ ግን ማየት አለብህ» ይሉት ነበር። ይህን ለልጅቱ የነገራት ራሱ አባቷ ነው፤ እሷ ትንሽ ሳለች፣ እሱም ገና ሳይከብር።

ከከበረ በኋላ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣ። ወደ ታች መውረዱ ቀስ በቀስ ቀረ። መጀመሪያ በበዓል ብቻ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ በበዓል ሰው ይልክ ነበር፤ ከዚያ መላኩንም ረሳው።

ሽማግሌዎቹ አመሻሹ ላይ ደረሱ። ሰውየው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ በበሩ ሲገቡ ጋቢያቸውንና አቧራ የለበሰ ጫማቸውን አየ።

«ከየት ናችሁ?» አለ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

«ከታችኛው ሰፈር ነን። ለበጎ ነው አመጣጣችን» አለ ቃል አቀባያቸው።

ታችኛው ሰፈር የሚለውን ሲሰማ ጣቱ ወደ ግድግዳው ሄደ። መዋጮ ሊጠይቁ የመጡ መስሎታል። ብርሃኑ ወረደ፤ ሳሎኑ ጨለምለም አለ። ከሁሉ ኋላ የሚገቡት ልብስ ሰፊው ነበሩ፤ ዓይናቸውን መርፌ ጨርሶታል። የምንጣፉ ጠርዝ እግራቸውን ያዘውና ተንገዳገዱ። እጃቸውን ዘርግተው በአየር ላይ የወንበር መደገፊያ ፈለጉ።

«መብራቱ ደከመ እንዴ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁ።

ሰውየው ድምፁን ከዚህ በፊት የሰማው መሰለው፤ ግን አላሰበበትም። ከወንበሩም አልተነሳም። «አልደከመም፣ አባት» አለ። «ለወሬ ይበቃል። ልብስ አንሰፋበት!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ልብስ ሰፊው መደገፊያውን አግኝተው ያዙ።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ቃል አቀባዩ። ወጉ ነው። «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ነው የመጣነው። ልጃችን መምህር ነው፤ ጨዋ ነው፤ ሙያ አለው።»

«ሙያውን አልጠየቅሁም። ምን አለው?»

«እጅና እግር አለው፣ ስምም አለው።»

ሰውየው ሳቀ። «ስም! ደግሞስ ለእኔ ልጅ የሚላክ ሽማግሌ ጠፍቶ ነው እናንተ የመጣችሁት? ፊታችሁን እንኳ አላውቀውም።»

ልጅቱ ይህን ሁሉ ከጓዳ ትሰማለች። ሽማግሌ ሳሎን ውስጥ ቆሞ ሳለ የምትጠየቅ ልጅ አትወጣም፤ ይህም ወግ ነው። እሷ ግን ወጣች። ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ሳሎኑን አቋርጣ አባቷ አጠገብ ደረሰች፤ ከእጁ በላይ እጇን ሰድዳ ማብሪያውን ያዘችና እስከ መጨረሻው አዞረችው።

«አባዬ» አለች። «ፊታቸውን ያላወቅኸው ብርሃኑን ስለነሳሃቸው ነው።»

ሳሎኑ ቀትር ሆነ። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ከፊቱ አንድ አዛውንት ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ እንደያዘ ነው። ፊታቸውን ዕድሜ ለውጦታል። ጣታቸውን ግን አወቃት። በመቀስ ብዛት የጎበጠች አመልካች ጣት ናት፤ የፋኖሱን ክር ከፍ ታደርግለት የነበረችው።

«ልብስ አንሰፋበት» ያለው ቃል ወደ ጆሮው ተመለሰ።

በዚያው ቅጽበት ደግሞ የጓዳው በር ተከፈተና አንዲት ሴት ሦስት ብርጭቆ ውኃ በትሪ ይዛ ገባች። ቀደም ሲል የበሩን ሥር አይታ ነው የቀዳችው። በሙሉ ብርሃን መካከል የውኃ ትሪ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ትሪው ምን ማለት እንደሆነ ያላወቀ በዚያ ሳሎን አልነበረም፤ ከተማው ሁሉ ያወራው የለ? ሰውየው ትሪውን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ የሚያየው ቦታ አጣ። ተነስቶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል አዛውንቱ ክንዱን ይዘው አስቀሩት።

«ተው ልጄ፣ ተው» አሉት። «መብራቱስ ደህና ነበር። ዓይኔ ነው የደከመው።» ወደ ሴቲቱም ዞረው አንዱን ብርጭቆ አነሱ። «ተባረኪ፤ ጠምቶኝ ነበር» ብለው ጠጡት።

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ለተሰደበ ሰው ቢያንስ መቆጣት ይፈቀድለታል። እሱ ግን በሰው ፊት ገመናውን የሸፈኑለት ራሱ ያዋረዳቸው አዛውንት ሆኑበት፤ በምን ይቆጣ? ሽማግሌዎቹም ነገሩን አይተው ለሌላ ቀን ቀጠሮ ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ሲመሻሽ ሰውየው ብቻውን ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ። ክፍሏ እዚያው ቦታዋ ላይ ናት። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጡ ጨለማ ነው። መብራት ከገባ ቆይቷል፤ ከልብስ ስፌት መኪናው በላይ አንዲት አምፖል በሽቦ ተንጠልጥላለች። አዛውንቱ ግን ብቻቸውን ስለሆኑ አላበሯትም። ሰውየው ደጁ ላይ ቆሞ ሳለ እግሩ ጠጠር ነካ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትደናቀፍ» አለ ከውስጥ ያ ድምፅ። «መጀመሪያ ላብራልህ።»

አምፖሏ በራች። «ማነው?» ብለው የጠየቁት ካበሩ በኋላ ነው።

ሰውየው በመንገድ ሲያሰላስለው የመጣ የይቅርታ ቃል ነበረው፤ ሁሉም ጠፋው። ደጃፉ ላይ ብርሃኑ መካከል ቆሞ ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ፤ ማብሪያ የሚያዞርበትን እጁን።

«ግባ እንጂ» አሉት፤ «ምን ያስቆምሃል?»

ልጁን ለመምህሩ ሰጠ። በሠርጉ ቀን ሳሎኑ ሙሉ ብርሃን ነበር፤ ልብስ ሰፊው ከሁሉ ፊት ተቀመጡ። ሰውየው እየዞረ ሲያስተናግድ ዋለ፤ እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ግን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። መብራት ጨለማን ያጠፋል እንጂ እፍረትን አያጠፋም፤ እንዲያውም አጉልቶ ያሳየዋል።

ታሪኩ ይኸው ነው። ይድነቃቸው ወለሉን ያይ ነበር። ሳቁ ከሄደ ቆይቷል።

«አየህ» አልኩት፣ «እኔ ቁጠባ አይነቀፍም የምል ሰው ነኝ። ልብስ ሰፊውም ቆጣቢ ነበሩ፤ ሀብታሙም ቆጣቢ ነኝ ባይ ነበር። ሁለቱም መብራት ዝቅ አድርገዋል። ልብስ ሰፊው ግን ዝቅ የሚያደርጉት በራሳቸው ላይ ነው፤ ሰው ሲገባ፣ ማን መሆኑን እንኳ ሳይጠይቁ ከፍ ያደርጋሉ። ሀብታሙ በራሱ ላይ አልቆጠበም፤ በሰው ፊት ላይ ነው የቆጠበው። አምፖሉ ያው አምፖል ነው። የጠየቅኸኝ የሚያዋጣ መሆኑን ነው፤ የሚያዋጣውም የማያዋጣውም ጣትህ በምታዞርበት በኩል ነው።

«አንተ ደግሞ ማብሪያውን ገና ሳትተክለው አዞርከው። ለማታውቀው እንግዳ ሙሉ ብርሃን፣ ለእናትህ አሮጌዋን። ባለፈው ጊዜ ወደ ቤትህ ስመጣ እናትህን ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ክፍሏ ውስጥ ሳይሆን ደጅ በርጩማ ላይ ነበረች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመጨረስ ትጣደፋለች። ለምን ውስጥ አትቀመጪም አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹የደጁ አየር ደስ ይለኛል› አለችኝ። ልብስ ሰፊው ‹ዓይኔ ነው የደከመው› እንዳሉት ሁሉ። የሚወዱን ሰዎች እንዲህ ይሸፍኑልናል፤ እኛም የሸፈኑልንን አምነን እንተኛለን። በጊዜ ትተኛለች አልከኝ፤ በዚያች አምፖል ምን ሆና ታምሽ? ለፈተና ስታጠና ሻማውን ከራሷ ሥራ አንስታ ወደ ደብተርህ የምታስጠጋው እሷ አልነበረችም? ሀብታሙ ሰውየው ቢያንስ በጨለማ ምክንያት ነው ያላወቃቸው። አንተ ግን እናትህን በቀን ታያታለህ።»

ይድነቃቸው ግንባሩን በመዳፉ ሸፈነ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ተነስቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ አልሄደም። ቀና ሳይል፣

«ጋሼ» አለኝ፤ ድምፁ ከወትሮው አንሶ። «ለሥራ የሚሆነው ነጩ ነበር ያሉኝ?»

«ነጩ» አልኩት። «መጀመሪያ እሷ ጋ አስገባና አብርተህ ና። የሳሎኑን ነገር ከዚያ በኋላ ትጠይቀኛለህ።»